ከባሕር የወጣ ብረት፦ ችግርና መፍትሄ

ብረቱ ያልበዋል

ከመርከብ ስብርባሪ የወጣ ብረት ታጥቦ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ቡናማ ጠብታ ያወጣል። ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ደጋግሞ የሚመጣልኝ ይኸው ነው።

ምክንያቱ ጨው ነው። ላዩ ላይ ያለው ሳይሆን በዝገቱ ሰርጎ ጤነኛው ብረት ጋ የደረሰው ክሎራይድ (የጨው ክፍል)። እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል። አዲሱ ዝገት ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ላዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ቫርኒሽ ይህን አያስቆምም፣ ይደብቀዋል እንጂ። አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ የመልህቅ ቀለበት አመጡልኝ። ቫርኒሹን ስናነሳው ሥሩ በጣት ይፈረፈራል። ዘመናት የቆየ ዕቃ በችኮላ ሲጠፋ ያናድዳል።

መፍትሄው፦ ቫርኒሹን አንሱና 2 በመቶ የካስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ዕቃውን ከዲሲ ፓወር ሰፕላይ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት የሚሰጥ መሣሪያ) ኔጌቲቭ፣ ዙሪያውን የሚከበውን የብረት ወንፊት ከፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ከረንቱ ዝቅ ይበል። አረፋው ከበረታ የዕቃውን ቅርጽ የያዘውን ዝገት አራግፎ ይጥለዋል። ሽቦውን ከዕቃው የሚያያይዝ ርካሽ መቆንጠጫ አትግዙ፤ እሱም ይዝግና ከረንቱ ተቋርጦ ሳታውቁት ሳምንታት ያልፋሉ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ወንፊትም አይሆንም፣ ዚንኩ ካስቲኩ ውስጥ ይሟሟል።

ካስቲኩን ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃ ካስቲክ ላይ በጭራሽ አታፍስሱ! ጓንትና መነጽር አድርጉ። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ፓወሩን አጥፉ።

ውሃውን እየቀየራችሁ ክሎራይዱን ለኩ። ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች ወርዶ እስኪረጋ አታውጡት። ውሃው ጠራ ብሎ ማቆም ዋናው ጥፋት ነው፤ የሟሟ ጨው በዓይን አይታይም። ለምስማር ወራት፣ ለመድፍ ዓመታት ይፈጃል። በ2002 ከባሕር የወጣው የአሜሪካ ጦር መርከብ የዩኤስኤስ ሞኒተር የመድፍ ማማ ከ20 ዓመት በኋላም አሜሪካ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ገንዳ ውስጥ ነበር። እናንተ ለሁለት ወር ትቸኩላላችሁ!

ሲያልቅ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ ይመልስበታል። አድርቃችሁ ታኒክ አሲድ፣ ከዚያ ሰም ቀቡት። ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር በተዘጋ ሳጥን አስቀምጡት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ድንጋይ የመሰለው ቅርፊት ውስጡ ባዶ ነው፦ ብረቱ አልቋል። መጀመሪያ ራጅ አንሱት፤ ክፍተቱን በኢፖክሲ ሞልታችሁ ቅርፊቱን ስታነሱ ቅርጹ ይተርፋል።

የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) የመድፍ ጥይት ቀሎ በጥፍር ይጫራል፦ የቀረው በአብዛኛው ግራፋይት (ለስላሳ ጥቁር ካርቦን) ነው። ብሩሽ አታስነኩት።

ጥይቱ አየር ሲነካው ይሞቃል፦ ቶሎ ውሃ ውስጥ መልሱት።

ብረቱ የእንጨት እጀታ አለው፦ ካስቲክ እንጨቱን ያበላሻል። ባለሙያ ይየው።

መድፉ አፈሙዙ ተደፍኗል፦ ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል። መሰርሰሪያ አታስገቡ።