ቡና እስኪቆላ፦ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር እንዴት ይጀመራል

ቤት ውስጥ ማስተማር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ወላጅ እውቀት ስላነሰው አይደለም፤ ሰዓት ስለማይያዝ ነው። ሰኞ በ2 ሰዓት የተጀመረው ትምህርት ማክሰኞ ውሃ ስለመጣ ወደ 5 ሰዓት ይገፋል። ረቡዕ መብራት ስለመጣ እንጀራ ይጋገራል፣ ሐሙስ ለቅሶ አለ፣ ዓርብ ላይ ደብተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከመጽሐፍም ከሰሌዳም በፊት የሚወሰነው ትምህርቱ ከምን ጋር እንደሚታሰር ነው።

ሰዓቱን ከቤቱ ሥራ ጋር ማሰር

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የሰዓት ድልድል ለመጀመሪያው ወር ይቆይ። ጎንደር ውስጥ ውሃና መብራት ሲመጡ ድልድሉን አይጠይቁም። በምትኩ በየቀኑ የማይቀር ነገር ፈልጉ። ቁርስ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ ትምህርት ይጀመር፣ የጠዋቱ ቡና ሊቆላ ሲል ይብቃ። ብዙ ቤት ይህ ከ2:30 እስከ 4:00 ሰዓት ገደማ ነው። የቡናው ሽታ እንደ ደወል ያገለግላል፤ ልጁ መቼ እንደሚለቀቅ ስለሚያውቅ በየደቂቃው «አልቋል?» አይልም።

ቡናው እየተፈላ ጎን ለጎን ማስተማር ይቻላል ብሎ የሚያስብ አለ። አያዋጣም። ረከቦት ሲቀርብ ጎረቤት ይጠራል፣ ወሬ ይነሳል፣ የልጁም ዓይን ቆሎው ላይ ይተከላል። ከአቦል በፊት ያልተማረ ከበረካ በኋላ አይማርም።

ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ አርባና ሃምሳ ልጅ ካለበት ክፍል ጋር አታወዳድሩት፣ እዚህ የሚጠበቀው አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው። 20 ደቂቃ ንባብ፣ 15 ደቂቃ ጽሕፈት፣ 15 ደቂቃ ግቢ ወጥቶ መሮጥ፣ 25 ደቂቃ ሒሳብ፣ በመጨረሻ 15 ደቂቃ እናንተ ስታነቡለት ማዳመጥ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች እንደ ትርፍ ነገር ይዘሉታል። ባይዘሉት ይሻላል፤ ልጁ ነገ ከሚያነበው በላይ የሆነ ዐረፍተ ነገር የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመር በፊት

ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ከነበረ ካርዱንና መሸኛውን ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። 8ኛ ክፍል ክልላዊ፣ 12ኛ ክፍል ደግሞ ብሔራዊ ፈተና ስላለ ወደዚያ የተጠጋ ልጅ ያላችሁ ስለ ምዝገባው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የሰፈር ወሬ ይዛችሁ አትቀመጡ።

ዕቃው ትንሽ ነው፦ በየትምህርቱ አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስ፣ የክፍሉ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የፊደል ገበታ፣ ጠመኔ፣ 100 ፍሬ ሽምብራና 10 ሲኒ። ሰሌዳ ከፈለጋችሁ ጠፍጣፋ እንጨት ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ የሚያብለጨልጨውን ቀለም ግን አትግዙ፣ ጠመኔ ያንሸራትታል። ቀለሙ አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ ጠመኔውን አጋድማችሁ ሰሌዳውን በሙሉ አሹትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ መጀመሪያ የተጻፈው ፊደል ቢጠፋም ጥላው ይቀራል።

ፊደል

33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል። በሳምንት አራት ቀን በየቀኑ አንድ ረድፍ፣ በአምስተኛው ቀን ክለሳ ብትይዙ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል። ማፋጠን አያስፈልግም።

ዋናው ችግር ፍጥነቱ ሳይሆን ዜማው ነው። ልጁ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብሎ ያለ ስህተት ይወርዳል፣ ወላጅም ያጨበጭባል። ከመሃል ሌ ላይ ጣት ሲደረግ ግን ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከለ ይነሳና እስኪደርስ ይቆጥራል። ይህ ልጅ ፊደሉን አላወቀም፤ ዘፈኑን ነው ያወቀው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወፈር ያለ ወረቀት መሃሉን አንድ ፊደል ብቻ በሚያሳይ መጠን ቅደዱ፣ ገበታው ላይ አድርጋችሁ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተታችሁ ጠይቁ። ዙሪያው ስለተሸፈነ መቁጠር አይችልም። የኔታዎች ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፤ ፊደሉም ቤቱም አብረው ስለሚቀያየሩ በዜማ ማምለጥ አይቻልም።

ሁለት ነገር ሥራ ያቀልላል። አንደኛ፣ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አስተምሩ። ሁለተኛው ከላይ ቆብ ያጠለቀ ነው በሏቸው፤ ልጆች ይህን አይረሱም። ሁለተኛ፣ ካዕቡ (ሁለተኛው ቤት) ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ (ሦስተኛው ቤት) እግሩ ላይ ቅጥያ እንዳለው ቡ እና ቢን፣ ሱ እና ሲን አጠገብ ለአጠገብ ጽፋችሁ አሳዩ። ሩ እና ፉ ከዚህ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይያዙ። ሳድስ (ስድስተኛው ቤት) ደግሞ ደንብ የለውም፤ እያንዳንዱን በዓይን መልመድ ብቻ ነው፣ ልጁ እዚያ ላይ ቢዘገይ አትገረሙ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሦስት ሆኑ የሚል ጥያቄ ይመጣል። በግዕዝ የተለያየ ድምፅ እንደነበራቸው ንገሩትና እለፉ። «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ ቢጽፍ በዚህ ወቅት ስህተት ብላችሁ አትሰርዙ።

ሒሳብ በሽምብራ

«ሃያ ሦስት ጻፍ» ሲባል 203 የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሰማውን ነው የጻፈው፦ መጀመሪያ ሃያ፣ ከዚያ ሦስት። ላጲስ አታንሱ። ሽምብራውን አምጡና በሁለት ሲኒ አሥር አሥር ፍሬ ይቁጠር፣ ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ይተው። ስንት ሲኒ? 2። ስንት ትርፍ? 3። በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፈው። ከዚያ 30 ስጡት፤ ትርፍ የለም፣ ቦታው ግን ባዶ መሆኑ መታየት አለበት፣ ዜሮ የምትጻፈው ለዚህ ነው። መደመርም እንደዚሁ ነው፦ 17 እና 5 ሲደመሩ ትርፉ አሥር ሲሞላ አዲስ ሲኒ ውስጥ ይገባል። ተሸካሚ የሚባለውን ነገር በቃል ከማስረዳት ይህ ይቀላል። ሲኒዎቹ ለቡና ሲፈለጉ ታጥበው ይመለሳሉ፤ ሽምብራው እንዳይበላ ጥሬውን ተጠቀሙ።

እንጀራ የሚጋገርበት ቀን

መብራት ከመጣ ምጣዱ አይጠብቅም፤ መጠበቅም የለበትም። ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ሌላ ትምህርት ይኑር። ልጁ በርጩማ ይዞ ከምጣዱ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ጽሕፈት አይሰጠው፤ እጃችሁ ሊጥ ስለሆነ ማረም አትችሉም፣ ያልታረመ ጽሕፈት ደግሞ ስህተቱን ያለማምዳል። በመሃል የቃል ሒሳብ ጠይቁ፦ «መሶቡ ውስጥ 14 ገባ፣ 30 እንዲሞላ ስንት ቀረ?» ምጣዱ እስኪታሰስ መልሱ ይመጣል።

ሱቅ የምትውሉ ከሆነ ደግሞ መልስ መቁጠር ለሒሳብ የሚበልጠው የለም። የልጁ ገንዘብ ግን ከመሳቢያው የተለየ ይሁን፤ 200 ብር ዝርዝር በአንድ ጣሳ ለይታችሁ ስጡት፣ ከደንበኛ ጋር እንዳትጣሉ።

ትልቁ ልጅ

ከ5ኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ አጠገቡ መቀመጥ አያሻችሁም፤ ልክ ማስያዝ ነው የሚያሻው። የመጽሐፉን ገጽ ለቀሩት ሳምንታት አካፍሉት። 180 ገጽ ለ36 ሳምንት በሳምንት 5 ገጽ ነው። ይህን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ራሱ ይጻፈው። ማታ 20 ደቂቃ ወስዳችሁ «ዛሬ ያነበብከውን መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ» በሉት። ካነበበ ይናገራል፤ ካላነበበ «እንትን ነው» ማለት ይጀምራል፣ ወዲያው ይታወቃል። ታናሹን ማስተማርም ለ15 ደቂቃ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ጥፊ ይሄዳል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ሁለተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ አዲስነቱ ያልቃል። ያኔ ሰዓት አትጨምሩ፣ ቀንሱ፤ ንባብና ሒሳብ ብቻ ይያዝ፣ ቀኑ ግን አይዘለል። ስልክ እንደ ሽልማት አይሰጥ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ የሚያነበው ስልኩን ለማግኘት ብቻ ይሆናል። ድምፃችሁ ከፍ ማለት ከጀመረ ደብተሩን ዘግታችሁ ውጡ። አያት «ይሄ ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም እንዴ?» ሲሉ ክርክር አይጠቅምም፤ «እማማ፣ እስቲ ያንብብልዎት» ብላችሁ አጠገባቸው አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ንባቡን የሚያስታውሱት እሳቸው ይሆናሉ።

በየቀኑ አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ ገጽ፣ የከበደው ነገር። «ሰኞ፣ ገጽ 12፣ ጸ እና ጰ ተምታታ» ይበቃል።

ዓርብ፣ ከቤት ውጭ

ጎንደር ተቀምጦ ታሪክን ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ያሳዝናል። ፋሲል ግቢ ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ለትንሹ፦ የአጼ ፋሲል ግንብ በማዕዘኖቹ ላይ ስንት ጉልላት አለው? (አራት፤ ዞሮ ራሱ ይቁጠር።) ለትልቁ፦ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተቆረቆረች፣ ግቢው በ1979 በዩኔስኮ ከተመዘገበ፣ በመሃሉ ስንት ዓመት አለ? 343 ነው።

ለ4ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ወለል ላይ የእርምጃውን ርዝመት በሜትር ይለካ። 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 1,800 እርምጃ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ይጻፍ። ቆጥሮ 1,500 ካገኘ ተሳሳትክ አትበሉት፤ ውጭ ሲራመድ እርምጃው ረዝሟል፣ ስንት እንደሆነ 900ን ለ1,500 አካፍሎ እሱ ይንገራችሁ።