በድሬዳዋ ማለዳ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሀገርና አራዊት እያዩ እንዴት መጓዝ ይቻላል

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ቸር የምትሆነው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግመሉም፣ ወፉም፣ ገበያተኛውም መንገድ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የገዛሁት ለሥራ መመላለሻ ነበር። አሁን ግን ከሥራ በፊት ባለችው በዚህች ጊዜ ከከተማ ወጥቼ የምመለስበት ሆኗል። በተራው ብስክሌት ዳገት ስወጣ የማየው የፊት ጎማዬን ነበር። ሞተሩ ድካሙን ሲጋራኝ ቀና ብዬ ማየት ቻልሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሄድ፣ ትንፋሹ ለማየትም ለሰላምታም ለሚተርፈው ሰው ነው።

ባትሪውን ከመንገዱ ጋር ማስላት

ባትሪው ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ቮልትና አምፔር ሰዓት። ሁለቱን ሲያባዙ የያዘውን ኃይል በዋት ሰዓት ያገኙታል። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሜዳ ላይ ፔዳሉን እየመቱ፣ የሞተሩን ድጋፍ ዝቅ አድርገው ከሄዱ፣ አንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በዚህ ስሌት አንድ ሙሉ ባትሪ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ዳገት ግን ሌላ ሂሳብ አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረማያ 2 ሺህ ሜትር አካባቢ ናት። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ያንን 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 218 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 290 ይደርሳል፤ የመንገዱ ርዝመት ገና አልተቆጠረም። እግሩን ሳያሠራ በ360 ባትሪ ወደ ሐረማያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሊወጣ የተነሳ ሰው መጨረሻ ላይ ከሃያ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ይገፋል። ሞተሩ በጎማው እምብርት ላይ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ፣ በረጅም ዳገት ላይ በዝግታ ሲጎትት ይግላል። በእጅ ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ቁሙና ያሳርፉት።

ሜዳ ላይ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፤ የባትሪው ምልክት 60 በመቶ ሲያሳይ ወደ ቤት እዞራለሁ። የቀረው ለንፋስ፣ ለመንገድ መዘጋትና ቆሜ ለማያቸው ወፎች ነው።

ስለ ሙቀት አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በእኛ ከተማ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ በረንዳ ቀትር ላይ ምን ያህል እንደሚግል ሁላችንም እናውቃለን። ከጉዞ እንደተመለሱ ባትሪውን ነቅለው ቀዝቀዝ ወዳለው ክፍል ያስገቡት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ፣ ከዚያ ይሰኩት። ቻርጅ የሚያደርጉት ቤተሰቡ ነቅቶ ሳለ ይሁን እንጂ ተኝተው አይተዉት፤ ከአልጋና ከመውጫ በር አጠገብም አያስቀምጡት።

እሾህ

ከድሬዳዋ ወደ ሽንሌ በሚወስደው ቆላ መሬቱ የግራር ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዬን አራት እሾህ በአንድ ጊዜ ወጋው፤ መለጠፊያ አልያዝሁም ነበር። ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበርና ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ከጀሪካኑ ውኃ ባይሰጠኝ ኖሮ ብዙ የምቸገር ነበርሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መለጠፊያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ መፍቻ፣ ሁለት ሊትር ውኃና የራስ ቁር ሳልይዝ ከበር አልወጣም።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ከጎሚስታ ተምሬያለሁ። በኋላ ጎማ ላይ ሞተር ያለበትን ብስክሌት ለመለጠፍ ጎማውን መንቀል አያስፈልግም፤ ሽቦውና ከባድ ብሎኖቹ መንገድ ላይ ያስቸግራሉ። ብስክሌቱን ገልብጠው እሾሁ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ፣ ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ከቸርኬው ያውጡት፣ ካላማዳሪያውን በዚያ በኩል ስበው ይለጥፉትና መልሰው ያስገቡት። እሾሁ ከጎማው ውስጥ መውጣቱን በጣት ሳያረጋግጡ ግን አይንፉት። ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ካገኙም አስቀድመው ካላማዳሪያው ውስጥ ይጨምሩ፤ ለትናንሽ እሾህ በቂ ነው።

ከከዚራ መጀመር

ለመጀመሪያው ሳምንት ከከተማ አይውጡ። ከዚራ ከባቡሩ ጋር የተወለደ ሰፈር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎችና የጥላ ዛፎቹም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ሜዳ ስለሆነ ፍሬኑንና የሞተሩን ጠባይ ለመልመድ የሚመች ነው። ግንቦት አካባቢ ከወጡ በስማችን የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን መንገዱ ላይ ያነጥፋል። አበባው ላይ ፍሬን አይያዙ፤ ጤዛ ወይም ካፊያ ሲነካው ያንሸራትታል።

ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግረው ወደ መጋላና ወደ ቀፊራ ገበያ ይዝለቁ። እዚያ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ይሻላል። ፈጢራ በሻይ በልተው፣ ግመሎቹ እንጨት ተጭነው ሲገቡ ቆመው ቢያዩ ያንን ቀን ሌላ ጉዞ አያስፈልገውም።

ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በክረምት ግን በብስክሌት አይግቡበት። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ነውና ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከተማችን ያንን ሌሊት አልረሳችውም።

በመንገድ ላይ ከሚገናኙዋቸው ጋር

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ድምፅ የለውም። ይህ ትልቁ ጸጋው ነው፤ ከአራዊት ጋር በሚገናኙበት ጊዜ ደግሞ ትልቁ አደጋው። ወደ ሽንሌ ስሄድ አንድ የግመል ባለቤት አስቆመኝና፣ «ደወልህን ከሩቅ ምታ ወንድሜ፤ ግመል ከኋላው ድምፅ የሌለው ነገር ሲመጣበት ይደነግጣል» አለኝ። «እሺ አባቴ» ብዬ ምክሩን ተቀበልሁ፤ እስካሁንም እሠራበታለሁ። ገና ሃምሳ ሜትር ሲቀርዎ ደወል ይምቱ፣ ፍጥነትዎን ወደ እርምጃ ያውርዱ፣ ነጂው በእጁ «እለፍ» እስኪል ይጠብቁ። በተሳሰሩ ግመሎች መካከል ሰንጥቀው አይለፉ። ሰላምታም አይርሱ፤ «አካም ጅርታ» ብሎ የጀመረ ሰው መንገዱ ይሰፋለታል።

ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ደግሞ ዝንጀሮዎች አሉ። ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር አለው፤ ሴቶቹ ቡናማና አነስ ያሉ ናቸው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድሩና ጠዋት ተከታትለው ይወርዳሉ። ይህን ሰልፍ ለማየት ስል ብቻ ብዙ ጊዜ ተነስቻለሁ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ምግብ ያለበትን ቦርሳ ይዝጉ። በእናትና በልጅ መካከል አይግቡ፣ ወንዱንም ዓይን ለዓይን አያፍጡበት። ሙዝና ዳቦ ከመኪና የሚወረውሩላቸው መንገደኞች ክፉ ይሠራሉ፤ እንስሳው ከሰው መቀማትን ይለምዳል፣ አስፋልት ላይም ይሞታል።

በዚህ ዳገት ላይ የሚያስፈሩኝ መኪኖቹ ናቸው፤ በተለይ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚበሩት። እኔ ብስክሌቱን በመኪና ጭኜ ደንገጎ እወጣና ማለዳ ቁልቁል እወርዳለሁ። ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬኖች ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፣ ኃይሉም ይደክማል።

ወፎቹን ለማየት ፈጣን ዓይን አያስፈልግም፤ አንድ ግራር ሥር አሥር ደቂቃ መቆም ይበቃል። ጀርባው በሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዱ ሸክላ የመሰለ ወፍ መሬት ላይ ሲለቅም ያገኙታል። ራሱ ነጭ፣ ጭራው ሥር ቀይ የሆነው ደግሞ ጭራሮ ሰብስቦ ጎጆ ይሠራል። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ቀይና ቆልማማ መንቁር ያለው ነው። ሴቲቱ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ባሏ በቀረችው ስንጥቅ እየመጣ ያጎርሳታል። አንድ ወፍ ምግብ ይዞ ወደ አንድ ግንድ ሲመላለስ ካዩ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ቀዳዳውን ለመንካት አይሞክሩ።

ሐረር ሲደርሱ

ሐረር ከደረሱ ጀጎልን ከውጭ በኩል ይዙሩት። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ከተማ ግንቡ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥምና ባትሪውን አይጎዳውም። ውስጥ ለውስጥ ያሉት መንገዶች ግን ጠባብ ናቸው፤ እናቶች ተቀምጠው ይሸጡባቸዋል፣ ልጆች ይሯሯጡባቸዋል። ወርደው ይግፉ። ሥጋ ገበያው አጠገብ ጭላቶች ከላይ ያንዣብባሉ፤ ሥጋ የያዘ ሰው እጁን ይሸፍን።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ብስክሌቱን ያስገቡ። ሲመሽ ጅቦቹ ይመጣሉ። ሐረር ለዘመናት ከእነርሱ ጋር ኖራለች፤ ለአሹራ ገንፎ ታቀርብላቸዋለች፣ በግንቡ ላይም መግቢያ ቀዳዳ ትታላቸዋለች። ማየት ከፈለጉ ከሚመግቧቸው ሰዎች ጋር በእግር ይሂዱ። መሽቶብዎት መንገድ ላይ ጅብ ካጋጠመዎት ደግሞ ለማምለጥ ፔዳል አይምቱ፤ የሚሮጥን ነገር ይከተላል። ወርደው ብስክሌቱን በመካከላችሁ ያድርጉ፣ መብራቱን ያብሩ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እየተናገሩ ቀስ ብለው ወደ ቤቶቹ ይሂዱ።