አንድ ፍሎፒ ለሦስት የማይግባቡ ኮምፒዩተሮች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉኝ። አሚጋ 500 እና አታሪ ኤስቲን አጎቴ ከጀርመን ነው ያመጣልኝ። ፍሎፒ ድራይቭ ያለውን ላፕቶፕ፣ ከዚህ በኋላ ፒሲ የምለውን፣ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ተከራክሬ ገዛሁት። የአውሮፓ ዕቃ ስለሆኑ የኛ 220 ቮልት አያስቸግራቸውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፍሎፒ ይጎርሳሉ፣ ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ሁልጊዜ አያነብም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዲስኩ ሁለት ፊት አለው፣ በእያንዳንዱ ፊት 80 ትራክ፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍበት ክብ መስመር። ፒሲ አንድ ትራክ ላይ 9 ሴክተር፣ ማለትም የትራኩ ቁራጭ፣ ይጽፋል፣ ሲደመር 720 ኪሎባይት። አሚጋ 11 ስለሚጠቀጥቅ 880 ያወጣል። የፒሲው ፍሎፒ ቺፕ ደግሞ ግትር ነው፣ ከለመደው አጻጻፍ ውጪ ስትሰጡት «ፎርማት ይደረግ?» ይላችኋል። አሚጋ ግን ከዲስኩ ላይ ጥሬውን ምልክት አንስቶ በሶፍትዌር ስለሚፈታው የፒሲውንም ማንበብ ይችላል። አታሪው ለፒሲ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ መገናኛቸው የፒሲው 720 ነው፣ ሌላ መንገድ አትፈልጉ።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ዲስክ ያዙ። አንዱ ጥግ ላይ የምትንሸራተት ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች፣ መጻፍ መከልከያ ናት፤ ስትዘጋ ይጻፋል። በተቃራኒው ጥግ ሌላ ቀዳዳ ካለ ዲስኩ የ1.44 ሜጋባይት ነው፣ የምንፈልገው ይሄኛው ቀዳዳ የሌለውን ነው። ካጣችሁ ቀዳዳውን በፕላስተር ሸፍኑት፣ ይሠራል፣ ግን ዕድሜው ላይ እምነት አትጣሉ። ከዚያ የዲስኩን የብረት መሸፈኛ ገለጥ አድርጋችሁ ቡናማውን ፊልም በመብራት እዩት። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ ሻግቷል፤ ድራይቩን ሳያበላሽ ጣሉት። የኛ ሰፈር አቧራም አይናቅም፣ እኔ ዲስኮቼን በፌስታል ቋጥሬ ነው የማስቀምጠው።

ቀጥሎ ፒሲው ላይ ፎርማት። በዶስ፣ በድሮው የፒሲ ሲስተም፣ ከሆነ ፎርማት፣ ኤ ኮለን፣ ስላሽ ኤፍ ኮለን 720 ብላችሁ ጻፉ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከሆናችሁ ከኤ ኮለን በኋላ ስላሽ ቲ ኮለን 80፣ ስላሽ ኤን ኮለን 9። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ያላችሁ፣ አንዳንዱ 720 ፎርማት አላደርግም ብሎ እንደሚያምጽ እወቁ። የፋይሉ ስም ከስምንት ፊደል አይብለጥ፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት። መብራቱን አይታችሁ ጀምሩ ደግሞ፤ የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ ኮፒ እያደረግኩ መብራት ሄዶ ዲስኩን ስንቴ እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ።

አሁን ወደ አሚጋ። የፒሲ ዲስክ የሚያነብለት ክሮስዶስ የሚባለው ፕሮግራም ከወርክቤንች (የአሚጋ ሲስተም) 2.1 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ 1.3 ላይ ያላችሁ ተመሳሳይ ፕሮግራም ለብቻው ፈልጉ። ስቶሬጅ የሚለው ማህደር ውስጥ ዶስድራይቨርስን ክፈቱ፣ ፒሲ0 የሚለውን ሁለት ጊዜ ክሊክ፣ ከዚያ ፍሎፒውን አስገቡ። ሁለት አይከን ይመጣል። አንዱ የዲስኩ ነው፣ ሌላው ዲኤፍ0 ብሎ የጥያቄ ምልክት የደረደረ። እሱን አትንኩት፣ ፎርማት ካደረጋችሁት ያለቀለት ነው። ድራይቩ አንድ ብቻ ከሆነ ፋይሉን መጀመሪያ ራም ዲስክ ላይ (ኮምፒዩተሩ ሜሞሪው ውስጥ እንደ ዲስክ የሚጠቀምበት ቦታ ላይ) ገልብጡት፣ ዲስክ ማቀያየር ይቀርላችኋል።

አታሪው ዲስኩን እንዳለ ያነበዋል፣ ምንም ፕሮግራም አይፈልግም። ግን እዚህ ነው የተቃጠልኩት። አታሪ ዲስክ መቀየሩን የሚያውቀው መነሻው ሴክተር ላይ ባለ መለያ ቁጥር ነው፣ ፒሲ ፎርማት ያደረጋቸው ዲስኮች ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ሊይዙ ይችላሉ። አንዱን አውጥቼ ሌላውን አስገባሁ፣ እሱ አሁንም የመጀመሪያው መስሎት የአንዱን ማውጫ (የፋይሎቹን ዝርዝር) ሌላው ላይ ጻፈበት። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ፋይል እንዲያው ድራሹ ጠፋ። ዲስክ በቀየራችሁ ቁጥር መስኮቱን መርጣችሁ ኤስኬፕን ተጫኑ፣ እንደገና ያነበዋል። ሌላም አለ፤ ከቶስ (የአታሪ ሲስተም) 1.04 በፊት ያለ አታሪ ራሱ ፎርማት ያደረገውን ዲስክ ፒሲ ላይቀበለው ይችላል፣ ለዚህ ነው ፎርማቱ ሁሌም ፒሲ ላይ ይሁን የምለው።

ጽሑፍ ስታዘዋውሩ አሚጋው ላይ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ እንግዳ ምልክት ልታዩ ትችላላችሁ። ፒሲ መስመር ሲጨርስ ሁለት ምልክት ስለሚጽፍና አሚጋ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ስለሆነ ነው፣ ዲስኩ አልተበላሸም። 800 ኪሎባይት ድራይቭ ያለው የድሮ ማክ የያዛችሁ ግን እዚህ ጨዋታ ውስጥ የላችሁም፤ የሱ ድራይቭ እንደ ትራኩ ፍጥነቱን እየቀያየረ ስለሚጽፍ ከ720 ጋር አይተዋወቅም።