በአሮጌ የእንግሊዝ ቄስ ቤት ላይ ሲሚንቶን አውጥቶ የኖራ ስቲላቱራ (በጡቦች መካከል ያለውን መጋጠሚያ መሙላት) መሥራት

በእንግሊዝ ገጠር ሬክተሪ የሚባለው የደብሩ ቄስ መኖሪያ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተሸጠው የግለሰብ ቤት ሆነዋል። ዕድሜውን ከፊቱ ብቻ አትገምቱ። እ.ኤ.አ. የ1776ቱ የጊልበርት ሕግ ቀሳውስት ለቤታቸው ግንባታና እድሳት እንዲበደሩ ፈቅዷል፤ ባማረ የጡብ ፊት ኋላ የቆየ የእንጨት ቤት የተደበቀበትም አለ። ጣሪያው ሥር ገብታችሁ፣ በጓሮም ዞራችሁ እዩ።

የእነዚህ ግድግዳዎች ትልቁ ጠላት ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው የገባበትን እርጥበት በኖራው መጋጠሚያ በኩል ያስወጣ ነበር። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው በጡቡ በኩል ይወጣል፤ የቅዝቃዜው ወቅት ሲመጣ እዚያው በረዶ ይሆናል፣ የጡቡንም ፊት ይልጠዋል። ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቶ የሲሚንቶው መስመር እንደ መረብ ጎልቶ ከታያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ፣ ሥራው ሳይጀመር የአካባቢውን ምክር ቤት የቅርስ ባለሙያ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1990ው የእንግሊዝ የቅርስ ሕንጻዎች ሕግ መሠረት የቤቱን ባሕርይ የሚነካ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። የሚያፈስ አሸንዳ ካለም አስቀድማችሁ ጠግኑ፤ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው።

አሮጌውን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ቆፍሩ፤ ለ10 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር። ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) አትጠቀሙ፤ በተለይ በአጫጭሮቹ ቋሚ መጋጠሚያዎች ላይ የጡቡን ጠርዝ ይበላል። አቧራውን ጠርጋችሁ ጡቡ ውሃ መምጠጡን እስኪተው አርጥቡ፤ ውሃ ግን ፊቱ ላይ አይቁም።

ድብልቁ 1 እጅ የኖራ ሊጥ (በውሃ ተቦክቶ እንደ ሊጥ የሆነ ኖራ)፣ 3 እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። ወፈር ብሎ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይያዝ፤ ከቀጠነ ሲደርቅ ከጡቡ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ጓንትና መነጽር አይለያችሁ፣ ኖራ ዓይን ያቃጥላል። እስከ ጥልቁ ጠቅጥቃችሁ ከጡቡ ፊት ትንሽ ገባ አድርጉት። በአውራ ጣት ሲጫኑት እምብዛም የማይሰረጉድ ሲሆን በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ ደብድቡት፤ የአሸዋው ቅንጣት ብቅ ይላል።

ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ለዚያም እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ ቢያንስ ለሳምንት እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ነጣ ብሎ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቶሎ ደርቋል፤ አውጥታችሁ ድገሙት። ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወይም ውርጭ በሚጠበቅበት ጊዜ አትሥሩ። ጡብ ሳይሰበር አልወጣም ያለ ሲሚንቶ ካጋጠማችሁ ግን ተዉት።