ከዓመታት በኋላ ወደ ሰው ሀብት ሥራ ስመለስ ለቃለ መጠይቅ የተዘጋጀሁበት መንገድ

ልጆቼን ለማሳደግ ከሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ለዓመታት ርቄ ስለነበር፣ ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ በቃሌ የማውቀው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/96 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መተካቱ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚነሡትን አንቀጾች ብቻ አነጻጸርሁ። የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት አድጓል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ ቢልም፣ በየዓመቱ ይታከል የነበረው አንድ ቀን አሁን የሚታከለው በየሁለት ዓመቱ ነው (ይህ ለነባር ባለሙያዎችም የሚምታታ ይመስለኛል)። ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛም ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ተፈቅዷል።

«ለምን ሥራ አቋርጠው ነበር?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አዘጋጀሁ፤ ማብራሪያ ሲበዛ ይቅርታ መጠየቅ ይመስላልና። ከዚያም ቀድሞ የያዝሁትን አንድ የሥራ ስንብት ጉዳይ፣ የድርጅቱንም ሆነ የሠራተኛውን ስም ሳልጠቅስ፣ በአዲሱ አዋጅ መሠረት እንዴት እንደምወስነው ጮክ ብዬ ተለማመድሁ። ጠያቂዎቹ ስለ ዕረፍቱ ዘመን በአጭሩ ጠይቀው ወደ ዓመት ፈቃድ ስሌት አለፉ፤ ለሥራውም ተመረጥሁ።