ኩበርኔትስን ከሶርስ ኮዱ ስንገነባ የገጠሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

አራት ኪሎ ባለችው ትንሿ ቢሯችን ኩበርኔትስን (ብዙ ኮምፒውተሮችን እንደ አንድ አድርጎ ፕሮግራሞችን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከነሶርስ ኮዱ አውርደን፣ ገንብተን፣ ሦስት አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ስንጭን ሰነበትን። በኮዱ ስህተት የቆምንበት ቀን የለም። ያስቆመን ኢንተርኔቱ፣ ራሙ፣ መብራቱና ሰዓቱ ነው። ደግሞ አንዱን ችግር የፈታንበት ዘዴ ሌላ ቦታ ላይ ችግር ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት።

ኮዱ ወርዶ አያልቅም

ኮዱን የሚያወርደው የጊት ክሎን ትዕዛዝ ግማሽ መንገድ ላይ ይቋረጣል። እንደገና ስታዙት ከዜሮ ይጀምራል፤ ጊት የተቋረጠ ክሎንን ካቆመበት አይቀጥልም። ፕሮጀክቱ ደግሞ ይፋ ከሆነበት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠራቀመ የኮድ ለውጥ ታሪክ ተሸክሟል። ይህን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ ካርድ መጨረስ ነው። ዴፕዝ 1 ብላችሁ የመጨረሻውን ኮሚት፣ ማለትም የኮዱን የመጨረሻ ቅጂ፣ ብቻ አምጡ፤ ለመገንባት ታሪኩ አያስፈልግም። የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎችም ቬንደር በሚባለው ፎልደር ውስጥ አብረው ይመጣሉ።

የተገነባው ኩብሲቲኤል ቨርዥኑን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ይላል

ኩብሲቲኤል ክላስተሩን የምናዝበት ፕሮግራም ነው። ይህን ችግር ያመጣው ከላይ ያለው መፍትሄ ነው። የግንባታው ስክሪፕት ቨርዥኑን የሚያነበው ከጊት ታግ (አንድ ቨርዥን ላይ ከተለጠፈው ስም) ነው። እናንተ ደግሞ ታጉን አላወረዳችሁም። ክሎን ስታደርጉ ከዴፕዝ 1 ጋር፣ ብራንች በሚለው ቦታ የምትፈልጉትን የቨርዥን ታግ ጻፉ። ያኔ መጠኑም ትንሽ ይሆናል፣ ቨርዥኑም ይስተካከላል።

ግንባታው «ሲግናል፦ ኪልድ» ብሎ ይቆማል

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኮዱን መጠርጠር ይጀምራል። አትልፉ። ራም ስላለቀ ሊነክስ ራሱ ነው ፕሮግራሙን የገደለው። የከርነሉን መልእክት ብታዩ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ታገኛላችሁ። ሜክ የሚለውን የግንባታ ትዕዛዝ ብቻውን ሰጥታችሁ ከሆነ የመፈተሻ ፕሮግራሞቹን ሳይቀር ሁሉንም ሊገነባ ይሞክራል። «ዋት» በሚለው መለኪያ ኩብሌትን (በየማሽኑ ላይ ሆኖ ሥራውን የሚያካሂደውን ፕሮግራም) ለብቻ፣ ኩብአድምን (ክላስተሩን የሚያቋቁመውን) ለብቻ፣ አንድ በአንድ ገንቡ። ጎፍላግስ በሚለው ሴቲንግ ላይ ፒን 1 ካደረጋችሁት ደግሞ ጎ (ኮዱ የተጻፈበት ቋንቋ መገንቢያ) ብዙ ሥራ በአንዴ አይጀምርም። ይዘገያል፣ ግን ይጨርሳል። ይህም ካልበቃ ራም ሲያልቅ ዲስኩን እንደ ራም የሚያስጠቅም የስዋፕ ፋይል ጨምሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኩብሌት አይነሳም

እኛን ረጅም ጊዜ የፈጀብን ይሄ ነው። ክላስተሩ (አብረው የሚሠሩት ማሽኖች) ለቀናት በሰላም ሠራ። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ተመለሰ፣ አንዱ ማሽን ግን ቀረ። ኔትወርኩን ነካካን፣ ኩብሌትን እንደ አዲስ ገነባን፣ ምንም ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ የኩብሌትን ሎግ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረን በእርጋታ ስናነብ መልሱ እዚያው ተጽፏል፦ ስዋፕ በርቷል።

ኩብሌት ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር ስዋፕ በበራበት ማሽን ላይ አይነሳም። እኛ ለግንባታው ብለን የጨመርነውን ስዋፕ ኩበርኔትስን ስንጭን በ«ስዋፕኦፍ» አጥፍተነው ነበር። ይህ ትዕዛዝ ግን የሚያጠፋው ማሽኑ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው። የስዋፑ ስም ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች የሚዘረዘሩበት) ፋይል ውስጥ ካለ፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይበራል። አሁኑኑ አጥፉት፤ ኤፍኤስታብ ውስጥ ያለውን መስመርም ሰርዙት። ከቻላችሁ ግንባታውን ሌላ ማሽን ላይ ጨርሳችሁ፣ ያለቀውን ፋይል ብቻ ወደ ክላስተሩ ውሰዱ። እኛ አሁን የምናደርገው እንደዚያ ነው።

ኖዱ «ኖት ሬዲ» ይላል፣ ኮር ዲኤንኤስም አይጀምርም

ኖድ ክላስተሩ ውስጥ ያለ አንድ ማሽን ነው፤ ኮር ዲኤንኤስ ደግሞ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ፕሮግራም። ይህ የሚሆነው የኔትወርክ ፕለጊን (ማሽኖቹ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያገናኝ ተጨማሪ) ስላልጫናችሁ ነው። ኩበርኔትስ ይዞት አይመጣም። ካሊኮን ወይም ፍላነልን ጫኑ።

«ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልደረሰም» የሚል ስህተት

አዲስ ማሽን ወደ ክላስተሩ ልታስገቡ ስትሉ ይመጣል። ሰርተፍኬት ማሽኖቹ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ፋይል ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ማሽኖች ሰዓት ጎን ለጎን እዩ። አሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላው እኛ አገር የሚያጋጥም ነው። አንድ ልጅ ጠዋት የእጅ ሰዓቱን አይቶ 3 ሰዓት ብሎ ሞላው። ሌላው ማሽን በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ አሁን የወጣው ሰርተፍኬት 3 ሰዓት ለተሞላው ማሽን ገና ወደፊት የሚወጣ ይመስለዋል።

ባትሪዋን ቀይሩ። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉና ሰዓትን የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫኑ። ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ አንዱን ማሽን የሰዓት ምንጭ አድርጋችሁ ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ አድርጉ። ከዚያ የማስገቢያውን ትዕዛዝ ድገሙት። በትዕዛዙ ውስጥ ያለው ቶከን (የመግቢያ ቁልፍ) ካልቀየራችሁት የሚያገለግለው 24 ሰዓት ብቻ ነውና፣ ትናንት ያወጣችሁት ከሆነ አዲስ አውጡ።