በአዋሽ ሸለቆ በጎማ ጀልባ ለምትጓዙ፦ የመጠጥ ውሃ ከቤት ጫኑ

ከአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ተነሥታችሁ በአዋሽ ፓርክ ገደላማ ሸለቆ በጎማ ጀልባ ለቀናት ለመቅዘፍ የምታስቡ ወዳጆች፣ ወንዙ ከሥራችሁ ስለሚፈስ ብቻ ውሃ አይቸግረንም ብላችሁ እንዳትዘናጉ አደራ እላለሁ። በእኛው ሰፈር የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ማፍላት ደግሞ ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውሃው ውስጥ የሟሟ ኬሚካል አያስወግድም።

ስለዚህ በዚያ የበረሃ ሙቀት ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር አስቡ። አራት ሰዎች አራት ቀን ሲጓዙ 64 ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ መጠባበቂያው ሲታከልበት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አራት መያዝ ይገባል። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፤ አራት ጣት ያህል አየር ከተተወለት ጀልባው ቢገለበጥ እንኳ ይንሳፈፋል። አፉ ላይ ንጹሕ ፌስታል ደርባችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ ከዚያም በጀልባው መካከል ዝቅ አድርጋችሁ በእጀታው በኩል ገመድ አሳልፋችሁ እሰሩት፣ ጫፍ ላይ የተጫነ ክብደት ውሃው በሚናወጥበት ቦታ ሚዛን ያሳጣልና። ጀልባው ሁለት ከሆነ ውሃውን ለሁለቱም አካፍሉ፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

የወንዙን ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ስትፈልጉ በቀን ብርሃን ቅዱ። አዋሽ አዞ ስላለበት ከመሸ በኋላ ማንም ብቻውን ወደ ዳር አይውረድ።